ጦር፣ ጋሻ፣ ነጋሪትና አንዲት ስልቻ

ነፋሱ ቆመ አይደል? በሉ እንግዲህ መንሻችሁን አስቀምጡና ከገለባው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ገብስ ያለ ነፋስ አይጠራም፤ ነፋስ ደግሞ ስለተቆጡት አይመጣም። እስኪመጣ ድረስ አንዲት ተረት አለችኝ፤ ከአውድማው ዳር ቆማለች።

«ትግባ!» በሉ እንጂ! አፋችሁን ገለባ ሞላው እንዴ?

«ትግባ!»

አጎዛ አንጥፉላት።

«ተነጥፎላታል!»

እንዲህ ነው የምወደው። አንተ ድንቁ፣ አንተን ግን ቀድሜ ላስጠንቅቅህ። የጦርነት ተረት በተወራ ቁጥር «ስንት ሞተ? ስንት ሞተ?» እያልክ ታቋርጠኛለህ። ሰው አርባ ዓመት አልፎት እንዲህ ለደም ይቸኩላል? የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ሲባል አልሰማህም? ዛሬ አፍህን ሰብስበህ ስማኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ አንዲት አምባ ነበረች። ዙሪያዋ ገደል፣ አናቷ ሜዳ። መውጫዋም መውረጃዋም አንድ በር ብቻ፤ እሱም ጠባብ ነው፣ ሁለት ጎን ለጎን አያሳልፍም። በዚያች አምባ ላይ ስድሳ የሚሆኑ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። ሣሩ ሞልቶላቸዋል፣ ፀሐዩ ሞልቶላቸዋል። ውሃ ግን ከላይ የለም። ምንጩ ከበሩ በታች፣ ከገደሉ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ይወርዳሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ።

አለቃቸው ደረቱ የቀላ፣ ጎፈሩ ጉልበቱ ድረስ የወረደ ገመሬ ነበር። አባ ጎፈር ይሉታል። ልቡ ደግ ነው። ጆሮው ግን የሚሰማው ጮክ ብሎ የተናገረውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አለቃ ታውቃላችሁ፤ እኔ ስም አልጠራም።

ከበሩ አጠገብ አንድ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ አንድ የጦር አበጋዝ ከብዙ ዘመን በፊት ትቷቸው የሄደ አራት ዕቃዎች ነበሩ። ጦር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሻ ከድንጋይ ላይ ተሰቅሏል። ነጋሪት መሀል ቦታውን ይዞ ተጎልቷል። አራተኛዋ ስልቻ ናት። ባዶ ስለሆነች ተጣጥፋ ጥግ ተወርውራለች። ሦስቱ ቀኑን ሙሉ ስለ ዘመቻ ያወራሉ።

«ጌታችን እዚህ ያስቀመጠን አምባዋን እንድንጠብቅ ነው» ይላል ጦር። «ይመለሳል። ያለ እኔ የት ይደርሳል?»

ስልቻ ምንም አትልም። የጠየቃትም የለም።

አንድ ዓመት፣ በበጋው መካከል፣ አርባ ጅቦች ከአገራቸው ከቆላ መጡና ምንጩን ከበው ሰፈሩ። የጦር አለቃቸው አባ ቆርጥም ይባላል። አንድ ጆሮውን በልጅነቱ ወንድሙ በልቶበታል። ከበሩ ሥር ቆሞ ተጣራ።

«አንተ አባ ጎፈር!»

«ምን ፈለግህ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ምንጩ የኔ ነው። ውሃ ካማራችሁ አዲስ ጨረቃ በታየች ቁጥር አንድ ግልገል ታመጡልኛላችሁ። ሰባት ቀን ሰጥቻችኋለሁ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን ይዛችሁ ጠብቁኝ።»

የዝንጀሮ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ግማሹ ይናገራል፣ ግማሹ የጓደኛውን ቅማል ይለቅማል። ተነጋግረው ተነጋግረው የማን ልጅ ትሂድ ላይ ደረሱ። የእመት ደብሬ ልጅ ጠጄ ትሂድ አሉ። ለምን ብትሉኝ፣ እመት ደብሬ ባሏን ነብር የበላባት መበለት ናት። ወንድም የላት፣ ቆሞ የሚከራከርላት የላት። ይኸው ነው ምክንያቱ።

እመት ደብሬ ልጇን ሆዷ ላይ እንዳቀፈች አባ ጎፈር ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ ጥርስ እንኳ አላወጣችም።»

«አውቃለሁ» አላት።

«ታዲያስ?»

«ስድሳ ነፍስ ውሃ ሊጠማ ነው፣ እመት ደብሬ። በሰባት ቀን ውስጥ መላ ካገኘሁ እሰየው። ካላገኘሁ…» አለና ፊቱን አዞረ። አፍሮ ነበር።

ከአምባዋ አናት ላይ በአንድ ዝርግ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የከረመ የዝናብ ውሃ ነበረ። ከንፈር ከንፈራቸውን እያረጠቡ ቢቆጥቡት ሰባት ቀን ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ የለም።

አባ ጎፈር ወደ ዋሻው ገባ።

«ከእናንተ መካከል ጦርነት የሚያውቅ ማን ነው?»

«እኔ!» አለ ጦር። ድምፁ ከሁሉም ይቀጥናል፣ ከሁሉም ይሰማል። «ጦርነት ማለት ቀድሞ መውጋት ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ያዘኝና ውረድ። አለቃውን ውጋው፤ የቀረው ይበተናል።»

ስልቻ ምንም አላለችም። የጠየቃትም የለም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አባ ጎፈር ጦሩን ይዞ እየሮጠ ወረደ። ዝንጀሮዎቹም ተከተሉት። ግን በሩ ጠባብ ነው አላልኳችሁም? አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ጅቦቹ ደግሞ ከታች አርባ ሆነው አፋቸውን ከፍተው ይቀበላሉ። አባ ጎፈር ጦሩን ወረወረ። ጦሩ የአባ ቆርጥምን የሌለ ጆሮ ስቶ አለፈና ቋጥኝ መታ። ጫፉ ታጠፈ። ዝንጀሮዎቹ ጦራቸውን አንስተው ተንጫጭተው ወደ ላይ ተመለሱ።

«ጥፋቱ የወርዋሪው ነው» አለ ጦር።

ምን አልክ ድንቁ? ስንት ሞተ? አንድም አልሞተም! ሦስት ተነከሱ፣ አንዱ ጅራቱን አጣ። ጅራት እየቆጠርክ ዝም ብለህ ስማ።

ያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅቦቹ ከበው ፎከሩ። የጅብ ፉከራ እንደ ሰው ፉከራ አይደለም። ሰው ሲፎክር የገደለውን ይጠራል፤ ጅብ ሲፎክር የበላውን ይጠራል። የዕለት ምግቡን ሳይጠራ የሚፎክር ጅብ የለም፤ ወጋቸው ነው፤ ከአባት ከአያት የመጣ ነው። እመት ደብሬ እንቅልፍ አጥታ ከገደሉ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

«ዘራፍ! እኔ ቆርጣሚው፣ የሰባውን በሬ፣
ቅልጥሙን ከነሥጋው የዋጥኩት ዛሬ!»

እመት ደብሬ ልጇን አጥብቃ ያዘች። ጠጄ እናቷ ደረት ላይ ያለውን ፀጉር እየጎተተች ትስቃለች። ሕፃን ምን ያውቃል?

አባ ጎፈር ደግሞ ወደ ዋሻው ገባ። «ጦር አላዋጣም። ማን ይምከረኝ?»

«እኔ አለሁ» አለ ጋሻ። ጋሻ የጎሽ ቆዳ ነው፤ ሲናገር ዝግ ብሎ ነው። «ጦር ችኩል ነው። ጦርነት ማለት አለመነካት ነው። በሩ ላይ አቁመኝ። አንድ ጅብ አላሳልፍም።»

ስልቻ ምንም አላለችም። የጠየቃትም የለም።

ጋሻን በሩ ላይ ገተሩት። ሁለት ቀን ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ጅብ አላለፈም። ጅቦቹ ለማለፍም አልሞከሩም፤ ከምንጩ ዳር ተኝተው ይጠብቃሉ። ሲመሽ እየመጡ የጋሻውን ጠርዝ ያኝካሉ። የጎሽ ቆዳ ለጅብ ምን ይለዋል? ጋሻው ዙሪያውን ተሸራርፎ የአይጥ ጎረቤት የነበረ ቁርበት መሰለ። ከላይ ደግሞ የድንጋዩ ውሃ ከግማሽ በታች ወረደ።

«አየሽኝ?» አላት ጋሻ ለእመት ደብሬ። «ጅብ አላሳለፍኩም!»

«ውሃም አላሳለፍክ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ምሽት ጅቦቹ ፎከሩ። እመት ደብሬ ከዚያው ከጠርዙ ላይ ሰማች።

«ዘራፍ! እኔ ቆርጣሚው፣ ማልጄ ተነሥቼ፣
የትናንቱን አጥንት በላሁት ፈጭቼ!»

አባ ጎፈር ሦስተኛ ጊዜ ወደ ዋሻው ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት ነጋሪት ጮኸበት።

«እኔን ብለህ ቀድመህ ብትመጣ ምን ነበረበት! ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይብሳል ሲባል አልሰማህም? ጦርነት ማለት ማስፈራራት ነው! ከበሩ አውጥተህ ምታኝ፤ ሌላ ሠራዊት የመጣ ይመስላቸዋል። ከዚያ ተቀምጠህ ሽሽታቸውን እይ!»

ስልቻ ምንም አላለችም። አሁንም የጠየቃት የለም።

ነገሩ ሠራ። ነጋሪቱ ሲመታ አርባው ጅብ ጭራውን ቆልፎ ከኮረብታው ማዶ ሸሸ። ዝንጀሮዎቹ በደስታ ወደ ምንጩ ወረዱ። ነጋሪትም ምስጋናው ጣመው። «ወደፊት ውሰዱኝ! ወደፊት!» አለ። ተሸክመው ወደ ኮረብታው አስጠጉትና ደጋግመው መቱት። ሲመቱት ዋሉ። ጅቦቹም ከማዶ ሆነው ይሰማሉ። ድም፣ ድም፣ ድም። ከድምታው በኋላ የሚመጣ ነገር የለም። በማግስቱ አንዱ ጅብ አጮልቆ አየና «አባ ቆርጥም፣ ይኼ ነገር ይጮሃል እንጂ አይነክስም። ደሞ የላም ቆዳ ነው መሰለኝ፣ ይሸታል» አለ።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ። ጅቦቹ ተመልሰው ሲወርሩ ዝንጀሮዎቹ ነጋሪቱን ጥለው፣ ነፍሳቸውን ይዘው ወጡ። ነጋሪትን ከምሽቱ በፊት መልሰው ቢያነሡት ፊቱ ቆዳ የለበትም፤ ባዶ እንጨት ሆኗል። እንደዚያም ሆኖ «አስፈራርቻቸው ነበር እኮ» ይላል፤ ድምፁ ግን አይወጣም።

በአምስተኛው ቀን ምሽት ጅቦቹ እንዲህ ብለው ፎከሩ።

«ዘራፍ! እኔ ቆርጣሚው፣ ጀግናው የጀግና ዘር፣
ለአርባ ተካፍዬ የአህያውን ጠፍር!»

እመት ደብሬ ይኼን ከሰማች በኋላ ተነሣች። ሁለት ቀን ቀርቷል። መላ ያለው የለም። ልጄን እደብቃለሁ ብላ ወደ ዋሻው ገባች። ጥግ ጥጉን ስታይ ያቺን ስልቻ አገኘች። አፏን ከፈተችና ጠጄን ልትከታት ሆነ።

«ቀስ በይ ልጄ» አለች ስልቻ። «ማሰሪያዬ አርጅቷል፣ ይበጠሳል።»

እመት ደብሬ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። «አንቺ ትናገሪያለሽ እንዴ?»

«የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው። ልጅሽን እዚህ አትደብቂያት። እኔ ራሴ ለጅብ እራት ነኝ። ይልቅስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጅቦቹ ምን በሉ?»

እመት ደብሬ ተናደደች። «ልጄ ልትበላ ነው፣ አንቺ የጅብ ምሳ ትጠይቂኛለሽ? ስንት ናቸው አትይም? ጥርሳቸው እንዴት ነው አትይም?»

«አልልም» አለች ስልቻ። «ሲፎክሩ ሰምተሽ የለም? በመጀመሪያው ምሽት ምን በላሁ አሉ?»

«የሰባ በሬ።»

«በሦስተኛውስ?»

«የትናንት አጥንት።»

«ዛሬስ?»

«የአህያ ጠፍር። ለአርባ ተካፍለው።» እመት ደብሬ ይኼን ስትል ድምፅዋ ተለወጠ። «እመት ስልቻ… እነዚህ ጅቦች ተርበዋል እንዴ?»

«አሁን ገባሽ» አለች ስልቻ።

ጦር ከግድግዳው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ስልቻ የጦር አማካሪ ሆነች! አንቺ ስለ ጦርነት ምን ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከበቅሎ ጀርባ ላይ!»

«ከኋላ ሆኜ ነው ሁላችሁንም ያየኋችሁ» አለች። አልተቆጣችም። «አያ ጦሮ፣ ጌታችን መጀመሪያ ሲዘምት አንተን ብቻ ይዞ ገሠገሠ፤ አሸነፈ። መንገዱ የአራት ቀን ነበር፣ እኔም በሶ ሞልቼ ነበር። ቀጥሎ ጠላቶቹም ጦር አበጁ። ስለዚህ ጋሻ ያዘና አምባ ላይ ተቀመጠ፤ አሸነፈ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሞልቼ ነበር፤ የከበቡት ሰዎች ስልቻ ግን ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጦርም ጋሻም የሁሉ ሆነ። ስለዚህ ነጋሪት አስመታ፤ ጠላት ሸሸ። ያለ ምሳ የቆመ ሠራዊት ነበር፤ ድንቢጥ ብትንጫጫም ይሸሽ ነበር።»

«በአራተኛውስ?» አለ ጋሻ ቀስ ብሎ።

«በአራተኛው እዚህ ሰፈርን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጌታችን እጁን ወደ ውስጤ ሰደደ። ታቼን ዳበሰ፣ ጥግ ጥጌን ዳበሰ። በጣቱ ጫፍ የበሶ ብናኝ አገኘና ላሳት። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። አያ ጦሮ፣ ጌታችን ለዘበኝነት አላስቀመጠህም። ለተራበ ሰው ከብደህበት ነው የጣለህ። እኔንም ባዶ ነሽ ብሎ ጣለኝ።»

ጦር «ይመለሳል» ሊል ነበር፤ ግን አልወጣለትም።

እመት ደብሬ አባ ጎፈርን ጎትታ አመጣችው። «ማነው የሚናገረው? ጮክ በሉ!» አለ።

«ጌታዬ፣ ጮክ ያሉትን ሁሉ ሰምተህ አየኸው» አለችው እመት ደብሬ። «ዛሬ ቀስ ብሎ የሚነገረውን ስማ።»

መበለት እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ተቀመጠና ሰማ።

ስልቻ እንዲህ አለች። «የዚህን አካባቢ መንገድ ከበቅሎ ጀርባ ሆኜ አውቀዋለሁ። ጅቦቹ ምግብ የሚያመላልሱት የመንደር የሞተ ከብት ከሚጣልበት ፈፋ ነው። ከፈፋው የሚያመጣው መንገድ በገደላችሁ ሥር የሚያልፈው ቀጭኑ ነው። ነገ ድንጋይ አንከባልሉ። ግን ጅብ ላይ አይደለም። መንገዱ ላይ።»

«ድንጋይማ የኛ ሥራ ነው!» አለ አባ ጎፈር። «ወደ ቆላ የሚወስደውንም ሰፊውን መንገድ እንዝጋውና አንድም ሳይቀር እንጨርሳቸው!»

«ተው ልጄ። ሁለቱንም መንገድ የዘጋህበት ጅብ ወዴት የሚመጣ ይመስልሃል?»

አባ ጎፈር አሰበ። አሰበና ወደ ገዛ ጭኑ ተመለከተ። «ወደ እኔ» አለ።

«ስለዚህ ያገሩን መንገድ ክፈትለት። ስታሸንፍም አትጩህ።»

በስድስተኛው ቀን ከማለዳ ጀምሮ ስድሳ ዝንጀሮ ድንጋይ ሲገፋ ዋለ። ቀጭኑ መንገድ ተደፈነ። ምግብ ሊያመጡ የሄዱት አራት ጅቦች ከማዶ ቀሩ። ያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅቦቹ እንደ ወጋቸው ከበው ተቀመጡ። አንዱ ተነሣና «ዘራፍ! እኔ ቆርጣሚው…» አለ። አፉን እንደከፈተ ቀረ። የሚጠራው የለውም። ተቀመጠ። ሌላው ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። አባ ቆርጥም ራሱ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ የማንንም ዓይን ሳያይ ተኛ። ያን ምሽት ፉከራ የለም። የሚሰማው የሆድ ጩኸት ብቻ ነበር።

«ነገ ጠዋት ግን ይመጣሉ» አለች ስልቻ። «የተራበ ሁለት ልብ ነው፤ ወደ ላይ ያያል፣ ወደ ቤቱ ያያል። ወደ ቤቱ የሚያደላበት ትንሽ ነገር ይፈልጋል። በውስጤ የስንት ዘመን የቅቤና የበሶ ሽታ አለ። ሣር ጠቅጥቁብኝ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ድንጋይ ጨምሩና ወደ ቆላው መንገድ ልቀቁኝ።»

«አላደርገውም!» አለች እመት ደብሬ። «ይበሉሻል!»

«አንቺ ልጅ፣ ከስልቻነቴ በፊት እኮ ፍየል ነበርኩ» አለች። «ግልገል ነበረችኝ። አንድ ጠዋት ከበረቱ ደጅ ጅብ ወሰደብኝ። ስጮህ ማንም ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ፍየል ሁልጊዜ ትጮሃለች ብለው ነው። ጠጄን አትስጪ። እኔ የምችለው ይኼን ነው፤ ደስ እያለኝ ነው የማደርገው።»

እመት ደብሬ አለቀሰች። እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ዓይኔን እጠርጋለሁ፤ ገለባው ነው።

ስድሳው ዝንጀሮ እየመጣ አንድ አንድ ጭብጥ ሣር ጨመረ። ሽማግሌዎቹም ጨመሩ፣ ጅራቱን ያጣውም ጨመረ። በመጨረሻ አባ ጎፈር ጨመረ። ጠጄም አንዲት ሰበዝ ይዛ ነበር፤ እሷንም ከተተቻት። ስልቻ ሞላች፣ ጎኗ ተነፋ፣ አፏ በጠፍር ታሰረ።

«ወይ ጉድ!» አለች። «ስሞላ እንዲህ ነበርኩ ለካ።»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሠላሳ ስድስት ጅቦች ከበሩ ሥር ተሰለፉ። አባ ቆርጥም «ልጅቷን አምጡ!» አለ።

እመት ደብሬ ከበሩ አናት ላይ ወጣች። ስልቻዋን እንደ ሕፃን አቅፋለች። ሳመቻትና ለቀቀቻት።

ስልቻ ቁልቁለቱን ተንከባለለች። በጅቦቹ መካከል አለፈች፤ ቅቤ ሸተተ፣ በሶ ሸተተ፣ የፍየል ቆዳ ሸተተ። ወደ ሰፊው የቆላ መንገድ ታጠፈች። የመጀመሪያው ጅብ አንገቱን አዞረ።

«ቁም! ሰልፉን አታፍርስ!» አለ አባ ቆርጥም።

የመጀመሪያው ሮጠ። ሁለተኛው ለብቻው ሊበላው ነው ብሎ ሮጠ። ሦስተኛው ሁለቱ ሊበሉት ነው ብሎ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ የቆጠረ የለም። አቧራው ቆሞ ሲጠራ አባ ቆርጥም ብቻውን ከበሩ ሥር ቆሟል። ወደ ላይ አየ፤ ስድሳ ዝንጀሮ ዝም ብሎ ቁልቁል ያየዋል። አንድ እንኳ የሚጮህ የለም። ዝምታው ከነጋሪቱ ይልቅ አስፈራው።

«ቆይ፣ ልመልሳቸው ልሂድ!» አለና ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ ሊመልሳቸው ነው። ቆላ ወርደው የሚበላ አገኙ፤ አገሩ ገብቶ የጠገበ ሠራዊት ደግሞ ለአለቃ ክብር ብሎ ዳገት አይወጣም።

ዝንጀሮዎቹ ምንጩ ላይ ወረዱ። ጠጡ፣ ታጠቡ፣ ጨፈሩ። ሲመሽ የድል ግብዣ ሆነና ሦስቱን ዕቃዎች ከዋሻው አወጧቸው። ወዲያው ክርክር ተነሣ።

«መጀመሪያ ያደከምኳቸው እኔ ነኝ» አለ ጦር።

«በሩን የያዝኩት እኔ» አለ ጋሻ።

«ልባቸውን የሰበርኩት እኔ» አለ ነጋሪት፤ ባይሰማም።

እመት ደብሬ እዚያ አልነበረችም። ጠጄን አዝላ የቆላውን መንገድ ቁልቁል ሄዳ ነበር። ፈልጋ ፈልጋ ከአንድ አጋም ቁጥቋጦ ሥር የተበተነ ሣር አገኘች፤ አጠገቡ ድንጋዩ አለ። ከስልቻዋ የተረፈው የአንገቷ ቁራጭና ማሰሪያው ነው። ይዛ ተመለሰች። ምንም ሳትናገር ከሦስቱ ፊት አኖረችው።

ጦር የታጠፈ ጫፉን ወደ መሬት አዘነበለ። «ለካ እኔ ከባድ ነበርኩ» አለ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጭላዳ ዝንጀሮ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ሣር ሲነጭ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ስንቅ፣ ኋላ ጩኸት ብሎ ነው። ጅብ ደግሞ አልተማረም፤ ከሩቅ ስትሰሙት እስከ ዛሬ የበላውን እየተናገረ ነው።

ምን አልክ ድንቁ? አሁንስ? በል እሺ፣ ይኼን ሁሉ ችለህ ቆይተሃል፤ ጠይቅ።

«ስንት ሞተ?»

አንዲት ስልቻ።

ኧረ ነፋሱ መጥቷል! ጀርባዬን ነካኝ። ተነሡ፣ ተነሡ፣ መንሽ ያዙ! ተረቴ ተነሥታለች፣ አጎዛዋን ጠቅልሉላት። ድንቁ፣ አንተ ስልቻውን ያዝልን። እንደሱ አይደለም፣ በሁለት እጅህ፤ ቀስ ብለህ ክፈታት። እህሉ እስኪገባ ደግሞ ይቺን ያዝልኝ፤ ለልጆችህም ንገራቸው፦

የፎከረብህን ጠላት አትፍራው፤ ምን በላህ ብለህ ጠይቀው።